ሰፈሩ ባዶ ሳለ የተጠና መንገድ

አክስቴ የሹራቧን ቁልፎች ስትቆልፍ ያየ ሰው፣ ሥራዋ ፕሮግራም ማፍጠን ነው ቢሉት አያምንም። አንዱን ቁልፍ በቀዳዳው ታሳልፈዋለች፣ በአውራ ጣቷ ዳበስ ታደርገዋለች፣ መግባቱን ታረጋግጣለች፤ ከዚያ ነው ወደሚቀጥለው የምትወርደው። ታናሽ ወንድሟ፣ ማለትም አባቴ፣ «እሷ ጫማዋን አስራ እስክትጨርስ ሶሉ ያልቃል» ይላል። እሷም ቀና ሳትል «ያንተው ደግሞ በር ላይ ይፈታል» ትለዋለች። ከሁለቱም ጋር ኖሬአለሁና ሁለቱም እውነታቸውን ነው።

ሆስፒታል ውስጥ «ቀስታ» ይሏታል። ስሙን ያወጣችላት የካርድ ክፍሏ ባልደረባዋ ናት። እሷም ራሷ «ደወል» ትባላለች፤ የበሽተኛ ስም ስትጠራ ድምፅዋ ኮሪደሩን አልፎ ግቢው በር ላይ የሚያንጎላጅ ጥበቃ ይቀሰቅሳል። ቀስታና ደወል በአንድ ግድግዳ ተለያይተው ለዓመታት አብረው ሠርተዋል። ደወል በመስኮቷ በኩል ወደ ሰው ትመለከታለች። ቀስታ ከኋላ ባለችው ጠባብ ክፍል ተቀምጣ፣ እነዚያው ሰዎች ወደተመዘገቡበት ዳታቤዝ ትመለከታለች።

ክፍሏን አውቃታለሁ። አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ስክሪን፣ አንድ እግሩ አጥሮ በተጣጠፈ ካርቶን የተደገፈ ወንበር፣ ወደ ልብስ ማጠቢያው የሚያይ መስኮት። ጠዋት ጠዋት የታጠቡ አንሶላዎች ገመድ ላይ ይሰጣሉ። ነፋስ ሲመጣ ክፍሏ በነጭ ብርሃን ትሞላለች፣ ትጨልማለች፣ እንደገና ትሞላለች። ብርሃን እንዲህ በሚተነፍስበት ቤት ውስጥ ሰው ተቀምጦ ጃቫ በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ መጻፉ ገርሞኝ አንድ ቀን ነገርኳት።

«አንሶላው ሲደርቅ ያነሱታል» አለችኝ፣ ብርሃኑ የረበሸኝ መስሏት አዝናልኝ።

ነገርን ሁሉ አስቀድማ ማሰናዳት ትወዳለች። የነገ ልብሷ ዛሬ ማታ ወንበር ላይ ይደረደራል፤ መጀመሪያ የሚለበሰው ከላይ፣ መጨረሻ የሚለበሰው ከታች። እሑድ እንግዳ የሚመጣ ከሆነ ብርጭቆዎቹ ዐርብ ታጥበው ተደፍተዋል። «ሰው ሳይገባ ቤት ይጠረጋል» የምትለው ነገር አላት። አባቴ ይህን በሰማ ቁጥር «ሰው ሲገባ ደግሞ ተመልሶ ይቆሽሻል» ይላታል፤ እሷ ግን መልስ አትሰጠውም፣ መጥረጊያውን ነው የምትሰጠው።

ወደዚህ ሥራ ያመጣት የአያቴ ሕመም ነው። አያቴ ልባቸውን ያማቸው ነበር። በዚያ ዘመን የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ከወለል እስከ ኮርኒስ የእንጨት መደርደሪያ ነበረው፤ የወረቀት ካርዶቹም እዚያ ላይ እንደ ደረቅ ቅጠል ተነባብረው ይኖሩ ነበር። አያቴ በሄዱ ቁጥር ካርዳቸው ይጠፋል።

«አዲስ ነዎት?» ይሏቸዋል።

«ኧረ አሮጌ ነኝ» ይላሉ።

ከዚያ እንደገና ስም ማን ልበል፣ ዕድሜ ስንት ነው፣ ምንዎን ነው የሚያምዎት፣ ምን መድኃኒት ይወስዳሉ። አንድ ቀን ገና ተራቸው ሳይደርስ ተመልሰው መጡ። ኮታቸውን ሰቀሉና «ከሕመሙ ይልቅ ሕመሙን ማውራቱ አደከመኝ» አሉ። ከዚያ ወዲያ አልሄዱም። ብዙም አልቆዩም።

አክስቴ ያኔ የሒሳብ አስተማሪ ነበረች። ጠመኔዋን አስቀምጣ ፕሮግራም መጻፍ ተማረች፤ ከዚያ ያንኑ ሆስፒታል በር አንኳኳች። አንድ ጊዜ ስለ ራሱ የነገረውን ሰው ሁለተኛ «አዲስ ነህ?» የማይል ፕሮግራም ብቻዋን ጻፈች። መደርደሪያዎቹ ተነቀሉ። ለብዙ ዓመት ማንም ሰው በዚያ መስኮት ላይ ሕመሙን ከሀ ብሎ አልጀመረም። የሕይወቷ ሥራ ምንድን ነው ብትሉኝ ይኼው ነው። ልጅ የላትም፤ ፕሮግራሙ ነው ያላት።

ታዲያ ሆስፒታሉ አደገ፣ በሽተኛው በዛ፣ ፕሮግራሙ ከበደው። ጠዋት ጠዋት ደወል የካርድ ቁጥር ስታስገባ ስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ክብ ትዞራለች፣ ትዞራለች። ደወል ወፍጮ ብላታለች። «ወፍጮው ይዞራል፤ ዱቄት ግን የለም!» ትላለች፣ ኮሪደሩ እስኪሰማ። አግዳሚ ወንበሮቹ ሞልተው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ይቆማል። ልጅ ያዘለች እናት እየተወዛወዘች ትጠብቃለች። ጥርሱን የሚያመው ሰው ጉንጩን ይዞ ከግድግዳው ሰዓት ጋር ይጣላል።

ዳይሬክተሩ ሐኪም ናቸው፣ ክፉ ሰው አይደሉም። አንድ ቀን ወርደው ኮሪደሩን አዩና ወደ አክስቴ ክፍል ገቡ።

«እትዬ፣ የድሮው ወረቀት ከዚህ ይፈጥን ነበር እያሉኝ ነው።»

«ይፈጥን ነበር፤ ግን ይጠፋ ነበር፣ ዶክተር።»

«እኔም አልረሳሁም። ግን ሰው ካርዱ እስኪገኝ ኮሪደር ላይ ከወደቀብኝ ካርዱ ምን ያደርግለታል? እስከ ወሩ መጨረሻ ካልተስተካከለ ፕሮግራሙን ዘግተን ወደ መደርደሪያው እንመለሳለን። ለአናጢውም ነግሬዋለሁ።»

አክስቴ «እሺ» አለች። ደወል ግን ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሰምታ ኖሮ፣ ዳይሬክተሩ እንደወጡ በሩን ገፍታ ገባች። «እሺ ነው ያልሽው? አንቺ ሴትዮ፣ ቤትሽን ላፍርሰው ሲሉሽ መዶሻ ታቀብያለሽ!»

ያን ሰሞን ቤት ስትገባ ዝም ትል ነበር። እኔ ደግሞ ዝምታ አልወድም።

«እቴቴ፣ ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት፣ ልብስ ስትተኩስ።

«አንድ ብልህ ልጅ አለኝ። ሱቅ ስልከው ግን በየቀኑ መንገዱን ይጠይቀኛል።»

እየተኮሰች አስረዳችኝ። ልጁ ዳታቤዙ ነው። ፕሮግራሟ ለዳታቤዙ፣ ዳታቤዝ በሚገባው ቋንቋ በኤስኪውኤል፣ ጥያቄ ይልክለታል፤ የዚህ ቁጥር ባለቤት ማን ነው፣ ምን ታከመ፣ ምን ታዘዘለት። የጻፈችው በቀድሞው ዘዴ ስለሆነ፣ ጥያቄው በየጊዜው ከጽሑፍ ቁርጥራጭ እየተቀጣጠለ ነው የሚላከው። ዳታቤዙም ባየው ቁጥር አዲስ ነገር ይመስለዋል። ፊደሉን ያነብባል። እንዲህ የሚባል ሠንጠረዥ አለ ወይ? ጠያቂውስ ተፈቅዶለታል ወይ? በየት በኩል ብሄድ ያቋርጥልኛል? ይህን ሁሉ ከጨረሰ በኋላ ነው የሚነሣው።

«መሄዱማ የዓይን ጥቅሻ ነው» አለች፣ ካኒቴራውን እያገላበጠች። «ጠዋቱን የሚበላው መንገድ መጠየቁ ነው። ጥያቄው ደግሞ ያው ነው፤ የሚለያየው ቁጥሩ ብቻ።»

«ታዲያ አንዴ ቢያጠኑትስ?»

«እሱኮ ነው የምሠራው። ጥያቄውን ከቁርጥራጩ አውጥቼ እዚያው ጃቫው መሐል እተክለዋለሁ። ፕሮግራሙ ገና ሥራ ሳይጀምር ጥያቄው ይነበባል፣ ይመረመራል፣ ዳታቤዙም መንገዱን መርጦ ከጥያቄው ጋር ያስረዋል። ጠዋት ሲላክ መንገድ መጠየቅ የለ፣ መሄድ ብቻ።»

በየቀኑ እንደ አዲስ መጠየቅ ሲባል አያቴ መስኮቱ ላይ ቆመው ታዩኝ። አልኳትም።

ካውያውን አቆመችው። «እኔም ሳስበው ይኼው ነው። አባቴን ከዚያ መስኮት አነሣሁና ፕሮግራሜን በሳቸው ቦታ አቆምኩት።»

ከዚያ በኋላ የነበረው ሥራ ለሚያይ ሰው ምንም አይመስልም። በየቀኑ በካርቶን በተደገፈው ወንበሯ ላይ ተቀምጣ፣ በፕሮግራሙ ውስጥ ያለውን ጥያቄ ሁሉ አንድ በአንድ እየነቀለች በአዲሱ ዘዴ መትከል። ችኮላ የለ፣ ማንጎራጎር የለ። አንዱን ትተክላለች፣ ተርጓሚ የሚባለው ፕሮግራም እንዲያነብላት ታደርጋለች፣ ስሕተት ከሌለው ወደሚቀጥለው ትወርዳለች። ቁልፍ እንደምትቆልፈው ማለት ነው።

አንድ ቀን ተርጓሚው አንዱን ጥያቄ አልቀበልም አለ። መንትያ ሲወለድ ሁለተኛውን ልጅ ከእናቱ ካርድ ጋር የሚያገናኝ ጥያቄ ነበር። በውስጡ ያለው የሠንጠረዥ አምድ ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል። በቀድሞው ዘዴ ጥያቄ የሚመረመረው ሲጠየቅ ብቻ ስለሆነ፣ ያንን ገጽ የከፈተ ሰው ካልነበረ ስሕተቱ ተኝቶ ይኖራል ማለት ነው። ወደ ማዋለጃ ክፍል ወጥታ ጠየቀች።

«መንትያ ሲወለድ እንዴት ነው የምትመዘግቡት?»

«ሁለተኛውን ስናስገባ ፕሮግራሙ እምቢ ይለናል» አለች አዋላጇ፤ «ስለዚህ ሌላ እናት እንደወለደችው አድርገን እናስገባዋለን።»

ይህን ስትነግረኝ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ስንት ወንድም ከወንድሙ፣ አንድ ፊደል በመጉደሏ ብቻ፣ በመዝገብ ዓለም ሲነፋፈቅ ኖሯል! አክስቴ ግን ፊደሏን ጨመረች፤ ከአዋላጇ ጋር ሆና መንትዮቹን እየለቀመች አገናኘቻቸው፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው ጥያቄ ወረደች።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ሥራው አለቀ። አሮጌውን ዳታቤዝ መነካካት ስላልፈለገች ከጎኑ አዲስ አዘጋጅታለች። ሐሙስ ዕለት ባዶ ሠንጠረዦቹን ሠራች፣ ፕሮግራሙን በላዩ ላይ አስቀመጠች፣ ጥያቄዎቹን ሁሉ ከነመንገዳቸው አሰረች። ሁሉም ነገር ተሰናድቶ ካለቀ በኋላ እሑድ ዕለት የበሽተኞቹን ታሪክ ከአሮጌው ወደ አዲሱ አሻገረች። ሰው ሳይገባ ቤት ይጠረጋል። ማታ በጊዜ ተኛች።

ሰኞ ጠዋት ደወል የመጀመሪያውን ቁጥር አስገባች። ክቧ መዞር ጀመረች። ደወል ጠበቀች። ማስቲካዋን አኘከች። ጠበቀች።

«ቀስታ!» ብላ ጮኸች፤ ኮሪደሩ በሙሉ ዞሮ አየ። «ቀስታዬ፣ ወፍጮው ባሰበት! ድሮ ዘግይቶም ቢሆን ይፈጭ ነበር!»

«ኮምፒውተሩም ወረፋ ይዟል እንዴ?» አለ አንዱ ከግድግዳው።

«ታሞ ይሆናላ፤ መቼስ ሆስፒታል ነው» አለ ሌላው።

አክስቴ ወጥታ ስክሪኑን አየችው። ሐሙስ ዕለት ስትሞክረው ጣቷን ከቁልፉ ሳታነሣ ይመልስ የነበረ ጥያቄ፣ ዛሬ ጭራሽ ከአሮጌው ብሶ ይጎተታል። ኮሪደሩ ሞላ፣ ከዚያ ሞልቶ ፈሰሰ፤ ሰው ደረጃው ላይ መቀመጥ ጀመረ። ዳይሬክተሩ ወረዱ። ሜትር የያዘ አናጢ ተከትሏቸዋል።

«እትዬ፣ አልተሻለውም።»

«አልተሻለውም፣ ዶክተር። ብሶበታል።»

ማስተባበያ ነበር የጠበቁት መሰለኝ። «ታዲያ ምን ይሻላል?»

«እስከ ምሳ ይስጡኝ።»

«ከምሳ በኋላስ?»

«ከምሳ በኋላ እኔው በእጄ እዘጋዋለሁ።»

አናጢው ሜትሩን ከፈት ዘጋ እያደረገ «እኔስ ልለካ ወይስ ልጠብቅ?» አለ።

ዳይሬክተሩ አክስቴን አዩ፣ ኮሪደሩን አዩ። «ለካ» አሉት።

አናጢው ከግድግዳው ባሻገር እየለካ፣ የእርሳሱ ጫር ጫር እየተሰማት፣ አክስቴ ተቀመጠች። መነጽሯን አውልቃ በሹራቧ ጫፍ ወለወለች። ሌላ ሰው ቢሆን ያገኘውን ሁሉ ይነካካ ነበር፤ አንዱን ያጠፋል፣ አንዱን ያስነሣል፣ ይሳደባል። እሷ አንድ ነገር ብቻ አደረገች። ዳታቤዙን «የምትሄድበትን መንገድ አሳየኝ» አለችው። እንዲህ ተብሎ ሲጠየቅ ያሳያል፤ ቢያጠፋም አይዋሽም።

አሳያት። አንድ በሽተኛ ፈልግ ሲባል፣ ከመጀመሪያው በሽተኛ ይነሣና እያንዳንዱን እያየ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። የካርድ ቁጥርን ይዞ በቀጥታ ወደ ሰውየው የሚወስድ መጠቆሚያ ሠርታለታለች። አጠገቡ አለ። አላየውም፤ አልፎት ነው የሚሄደው።

ለምን? መስኮቱን እያየች አሰበች። ውጭ አንሶላዎቹ ይነሣሉ፣ ይወድቃሉ። መንገዱን የመረጠው መቼ ነው? ያሰርኩት ጊዜ። ያሰርኩት መቼ ነው? ሐሙስ። ሰዎቹ የገቡትስ?

ሳቀች። ደወል እንደምትለው፣ በዚያ ሁሉ ዓመት ቀስታ ጮክ ብላ ስትስቅ የሰማቻት ያን ዕለት ነው። ደንግጣ በሩን ከፈተች።

«ቀስታዬ፣ ምነው? ውኃ ላምጣልሽ?»

«እኔ ነኝ፣ ደወልዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው! ሰፈሩ ባዶ ሳለ ነው መንገድ ያስጠናሁት!»

«የምን ሰፈር?»

«ሐሙስ ዕለት እዚያ ቤት ውስጥ አንድም ሰው አልነበረም። ባዶ ሰፈር ውስጥ ሰው ፈልግ ብትባዪ ምን ታደርጊያለሽ? አድራሻ ምን ያደርግልሻል? ገባ ብለሽ አይተሽ ትወጫለሽ፤ እሱ ነው አቋራጩ። ዳታቤዙም እንደዚያ መረጠ፣ ልክ ነው። እኔ ደግሞ መንገዱን አሰርኩበት። አሁን ሕዝብ ገብቶበታል፤ እሱ ግን ቃሉን አክብሮ በየቤቱ ያንኳኳል።»

ደወል ወገቧን ያዘች። «ድሮ መንገድ ሲጠይቅ የነበረው ሞኝ ቢያንስ ሰፈሩ መሙላቱን ያይ ነበራ?»

«ያይ ነበር። ለዚህ ነው ከዛሬው ይሻል የነበረው።»

«እና ሰው ሳይገባ ቤት ይጠረጋል ስትይ የኖርሽው?»

«ቤቱማ ተጠርጓል» አለች አክስቴ፣ መነጽሯን እያጠለቀች። «መንገድ ማስጠናቱን ነበር ሰው እስኪገባ ማቆየት።»

ጥንቃቄዋ ነበር ያሳሳታት። ሰነፍ ፕሮግራመር ቢሆን ማሰሩን እስከ እሑድ ያሳድረው ነበር፤ ሳያውቀውም ልክ ይሆን ነበር። ይህ ነገር እስካሁን ያስደንቀኛል።

አክስቴ ደወልን ለሰዉ «ትንሽ ታገሡ» እንድትል ነገረቻትና ፕሮግራሙን አቆመች። በሠንጠረዦቹ ውስጥ ምን ያህል ሰው እንዳለ እንዲቆጠርና ዳታቤዙ እንዲያውቀው አዘዘች። ቆጠራው እስኪያልቅ እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። ከዚያ ጥያቄዎቹን እንደገና፣ አሁን በሞላው ሰፈር ላይ፣ አሰረች። ከጃቫው አንዲት ፊደል አልነካችም። መንገዱን አሳየኝ አለችው፤ በመጠቆሚያው በኩል፣ ቀጥ ብሎ፣ በሩ ላይ።

«ጥሪ» አለች።

ደወል ቁጥር አስገባች፣ ስም ጠራች። ሌላ አስገባች፣ ጠራች። ክቧ ልትዞር ስትል ስሙ ይቀድማታል። ድሮ በሁለት ስም መሐል ከጎረቤቷ ጋር ወሬ የምትይዝ ሴት፣ ያን ቀን ማስቲካዋን ለመትፋት ጊዜ አጣች። ድምፅዋ ሻከረ። ጥበቃው ከግቢው በር ድረስ መጥቶ «ደህና ናችሁ? ዛሬ እኮ ፋታ ነሣችሁኝ» አለ። ሰዉ ከደረጃው ተነሣ፣ ከግድግዳው ተላቀቀ፣ ከአግዳሚው አነሰ።

ከምሳ በኋላ ዳይሬክተሩ ቁና ቁና እየተነፈሱ ወረዱ። ኮሪደሩ አፍ ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ሰዉስ? በሽተኛ አልመጣም ዛሬ?»

«መጥተው ሄዱ እኮ፣ ዶክተር» አለች ደወል፣ በጎረነነ ድምፅ።

«ወዴት?»

«ወደ እናንተ ነዋ! ፎቅ ላይ አይደሉም?»

ዳይሬክተሩ ግንባራቸውን ያዙ። የወረዱትም ለዚሁ ነበር። ፎቅ ላይ በሐኪሞቹ በር ሁሉ ሰው ተኮልኩሏል፤ መቀመጫ የለ፣ መቆሚያ የለ፣ ነርሶቹ ይጮኻሉ። ከዚህ ቀን በፊት ሐኪሞቹ በሽተኛ እስኪላክላቸው መስኮት ላይ ቆመው ግቢውን ያዩ ነበር አሉ። ወረፋው ደረጃውን ወጥቶ እሳቸው ቤት ገብቷል።

አክስቴ ከክፍሏ ወጣች። «ዶክተር፣ ልዝጋው?»

ዳይሬክተሩ አናጢውን አዩት። አናጢው የለካውን በወረቀት ይዞ አጠገባቸው ቆሟል። «መደርደሪያው ይቅር» አሉት። «ጣውላውን ፎቅ ውሰደው። አግዳሚ ወንበር ሥራልን፣ ብዙ።» ከዚያ ወደ አክስቴ ዞሩ። «ሐኪሞችንም እንደዚህ የሚያፈጥን ነገር ካለዎት ይንገሩኝ፣ እትዬ።»

«እነሱን እንኳ አላውቅም» አለች። «መንገድ ይጠይቃሉ?»

ዳይሬክተሩ ሳይገባቸው ሳቁ፣ ደረጃውን ወጡ።

አክስቴ ወደ ክፍሏ አልተመለሰችም። ወደ ኮሪደሩ ወጣች። ያን ሁሉ ዓመት ከዚያ ግድግዳ በስተጀርባ ስትሠራ፣ በሽተኞቹ የሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አታውቅም። አንዲት አሮጊት ብቻቸውን፣ መቋሚያቸውን በጉልበታቸው መሐል ይዘው ተቀምጠዋል። አጠገባቸው ልትቀመጥ ጎንበስ ስትል ክንዷን ያዝ አደረጓት።

«ተይ ልጄ፣ አትድከሚ። ዛሬ ምን እንደነካቸው እንጃ፣ ወንበሩ ሳይሞቅልሽ ይጠሩሻል። ይቺ አብራኝ የነበረች ሴትዮ የልጇን ሠርግ ጀምራልኝ ሙሽራው ሳይገባ ጠሯት።»

«እኔ አልቸኩልም፣ እማማ» አለች አክስቴ፣ ተቀመጠችም።

«አይ፣ መቼስ እስኪጠሩሽ እንኳ እንጫወት» ብለው ወደ እሷ ዞሩ። «ለመሆኑ ምንሽን ነው የሚያምሽ?»

አፏን ከመክፈቷ ደወል ጠራች። አሮጊቷ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተነሡ፣ «አላልኩሽም?» እያሉ ሄዱ። ወንበሩ ላይ አክስቴ ብቻዋን ቀረች። እግሮቿን ዘረጋች።